የሴል ሽፋን ምንድን ነው? ኦአርኤስ ውስጥስ ስኳር ምን ይሠራል?

ድሬዳዋ፣ መጋላ ውስጥ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ወደ ቀፊራ ገበያ የሚሄደውም የሚመለሰውም በደጃችን ያልፋል። ክረምት ሲሆን ከመደርደሪያው ቶሎ የሚያልቅብን ኦአርኤስ ነው፤ ለተቅማጥ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው የጨውና የስኳር ዱቄት። ዝናቡ ደጋው ላይ ይጥልና ደረቁ የደቻቱ ወንዝ ድንገት ይሞላል። ውሃው ይደፈርሳል። ከዚያ የልጆች ተቅማጥ ይከተላል።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጣች። ልጁ ዓመት ከመንፈቁ ነው። ከትናንት ጀምሮ ያስቀምጠዋል። ዓይኑ ጎድጎድ ብሏል። "ሲያለቅስ ድምፁ ብቻ ነው፣ እንባ የለውም" አለችኝ። ኦአርኤሱን ሰጠኋትና "መንገድ ላይም እያጠጣሽው አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ" አልኳት። ፓኬቱን አገላብጣ አየችው።

"አቦ ወንድሜ፣ ይሄ ስኳር አለው አይደል? ስኳር ሆዱን ያብስበታል። ንጹሕ ውሃ ብቻ ብሰጠውስ?"

ከኋላዋ ሰው ቆሟል፣ ልጁም ጊዜ የለውም። "እህቴ፣ ያለ ስኳሩ ውሃው በደንብ አይገባለትም" ብዬ ሸኘኋት። እውነቴን ነው። ግን "ለምን አይገባም?" ብትለኝ ኖሮ መልሱ ረዘም ይል ነበር። መልሱ ያለው የሴል ሽፋን የሚባለው ነገር ላይ ነው። እዚህ ልንገራችሁ።

ሰውነታችን የተሠራው ከሴሎች ነው። በመማሪያ መጽሐፍ ሕዋስ የምንለው ማለት ነው። ቁጥራቸው 30 ትሪሊዮን ገደማ እንደሚሆን ይገመታል። እያንዳንዱ ሴል ውስጡን ከውጪው የሚለይ ስስ ሽፋን አለው። ስስነቱን ለመገመት አንድ የጸጉር ዘለላ ያዙ። የዚያችን ዘለላ ውፍረት ለመሙላት 10,000 ያህል የሴል ሽፋን መደራረብ ያስፈልጋል።

የተሠራውም በዋናነት ከቅባት ነው። ፎስፎሊፒድ ይባላል፤ የእንቁላል አስኳል ውስጥ በብዛት አለ። ይህ ቅባት ራስና ጅራት አለው እንበል። ራሱ ውሃ ይወዳል። ጅራቶቹ ውሃ ይሸሻሉ። ታዲያ ዙሪያውን ውሃ ሲከበው ምን ያድርግ? ጅራት ከጅራት ጋር ይገጥማል፣ ራሶቹ ወደ ውሃው ይዞራሉ። ሁለት ረድፍ ይሆናሉ። ማንም ተሰለፉ ብሎ አያዛቸውም፤ ባሕርያቸው ያሰልፋቸዋል።

ድርብ መሆኑ የታወቀበትን መንገድ በጣም እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1925 ጎርተር እና ግሬንደል የተባሉ ሁለት የሆላንድ ተመራማሪዎች ቀይ የደም ሴል ወሰዱ። ቀይ የደም ሴላችን ዲኤንኤ የሚቀመጥበት ኒውክለስ የለውም፣ ውስጡም ሌላ ሽፋን ያለው ክፍል አይገኝም። ስለዚህ ከሱ የሚወጣው ቅባት የውጪው ሽፋን ብቻ ነው። ቅባቱን አወጡና ውሃ ላይ በስሱ ዘረጉት። ቅባቱ የሸፈነው ቦታ ከሴሎቹ ገጽ ሁለት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። እጥፍ ከሆነ ደግሞ ሽፋኑ ሁለት ረድፍ ነው ማለት ነው።

ተማሪ ሳለን መምህራችን ሴልን በሐረር ጀጎል ይመስልልን ነበር። ግንቡ ሽፋኑ፣ አምስቱ ጥንታዊ በሮች ደግሞ መግቢያና መውጫው። ምሳሌው በሮቹ ላይ በደንብ ይሠራል። ግንቡ ላይ ግን ያሳስታል። የጀጎል ድንጋይ ካለበት አይነቃነቅም። የሴል ሽፋን እንደ ዘይት የሚፈስ ነው። ቅባቶቹ ያለ ዕረፍት ቦታ ይለዋወጣሉ፣ በሮቹም እላዩ ላይ ይንሳፈፋሉ። ሸዋ በር እየተንሸራተተ ኤረር በር አጠገብ ሲደርስ አስቡት። ይህን ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረቡት ሲንገር እና ኒኮልሰን ናቸው፤ ዛሬም መሠረቱ እሱ ነው።

በሮቹ የተሠሩት ከፕሮቲን ነው። ኦክስጅን በር አያስፈልገውም፤ ቅባቱን ሰንጥቆ ያልፋል። ውሃም ጥቂት ጥቂት ማለፍ ይችላል፣ በብዛት የሚያልፈው ግን በራሱ ቀዳዳ ነው። አኳፖሪን ይባላል፤ ያገኘው ፒተር አግሬ እ.ኤ.አ. በ2003 የኖቤል ሽልማት ወስዶበታል። ጨውና ስኳር ግን በዚያ ቅባት ውስጥ ማለፍ አይሆንላቸውም። በር ከሌለ ደጅ ይቀራሉ።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። ቲማቲም ክተፉ። ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምሩ፣ ጨው ነስንሱበትና ተዉት። እንጀራው እስኪቀርብ ሳህኑ ሥር ውሃ አቅሯል። ውሃ የጨመረ ሰው የለም። ጨው በዝቶ ወዳለበት ወገን ከቲማቲሙ ሴሎች ተስቦ ወጥቶ ነው። ኦስሞሲስ የሚሉት ይህንኑ ነው። ሰውነታችንም ውሃ የሚያንቀሳቅሰው በዚህ ሕግ ነው። ውሃን ራሱን የሚገፋ ፓምፕ የትኛውም ሴል ላይ የለም። ሴል ጨውን ያንቀሳቅሳል፣ ውሃው ጨውን ይከተላል።

ትንሹ አንጀት ውስጡ በአንድ ረድፍ ሴሎች ተለብጧል። የሴሉ የላይ ገጽ ምግብና ውሃ ወዳለበት ያያል። የታች ገጹ ወደ ደም ሥር ያያል። የላይ ገጹ ላይ አንድ ለየት ያለ በር አለ። ሶዲየም ብቻውን ቢመጣ አያሳልፍም። ግሉኮስ ብቻውን ቢመጣም አያሳልፍም። ሁለት ሶዲየምና አንድ ግሉኮስ አብረው ሲገቡበት ነው ቅርጹን ቀይሮ ወደ ውስጥ የሚለቃቸው። ሶዲየም የጨው ግማሽ ነው፣ ግሉኮስ ደግሞ የስኳር ዓይነት። እነሱ ሲገቡ ውሃው ይከተላል። የዚያች እናት ጥያቄ መልስ እዚህ በር ላይ ነው። ስኳሩ የገባው ለማጣፈጥ አይደለም። ጨውን ይዞ የሚገባ፣ በጨው በኩል ደግሞ ውሃን የሚጎትት እሱ ነው።

ግን ሶዲየም ለምን ወደ ውስጥ መግባት ይፈልጋል? ውስጡ ሁልጊዜ ሶዲየም ስለሚያንሰው ነው። የሚያሳንሰው ደግሞ የታች ገጹ ላይ ያለው ፓምፕ ነው። ይህ ፓምፕ በአንድ ዙር ሦስት ሶዲየም ያስወጣል፣ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል። ነፃ ሥራ አይደለም። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ኤቲፒ ይበላል፤ ኤቲፒ የሴል ነዳጅ ነው። የዴንማርኩ የንስ ስኩ እ.ኤ.አ. በ1957 ያገኘው ይህ ፓምፕ በሁሉም ሴሎቻችን ላይ አለ። ዝም ብለን ጥላ ሥር ብንቀመጥ እንኳ ሰውነታችን ከሚያወጣው ጉልበት ቢያንስ አምስት አንዱን የሚወስደው እሱ ነው። ድሬ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ተኝተን ምንም አልሠራንም ስንል ፓምፑ እየሠራ ነው።

የላዩ በርና የታቹ ፓምፕ ለምን አይቀላቀሉም የሚል ካለ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በሮች ይንሳፈፋሉ ብያለሁና። የአንጀት ሴሎች ጎን ለጎን ጠበቅ ተደርገው የተሰፉ ናቸው። የላዩ ወደ ታች እንዳይንሸራተት ስፌቱ ይከለክለዋል።

ነዳጁን የሚያመርተው ማይቶኮንድሪያ ነው። ሴል ውስጥ ካሉት ክፍሎች፣ ማለትም ኦርጋኔል ከሚባሉት፣ አንዱ ነው። የሱም ምሥጢር ሽፋን ነው። የውስጥ ሽፋኑ ብዙ ቦታ የታጠፈ ነው፣ ነጠላ ተጣጥፎ ሳጥን ውስጥ እንደሚገባው። ከምግብ የተገኘው ጉልበት ፕሮቶን የሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶችን ከሽፋኑ ወዲያ ያከማቻል። ፕሮቶኖቹ በአንዲት የፕሮቲን በር ተመልሰው ሲገቡ በሯ እንደ ወፍጮ ትሽከረከራለች፣ ኤቲፒም ይወጣል። ማይቶኮንድሪያ የራሱ ዲኤንኤ አለው፣ 37 ጂኖች። የምንወርሰውም ከእናት ነው።

ያ ጨውና ስኳር አብሮ የሚያስገባው በር ከየት መጣ? እዚያው ሴሉ ውስጥ ተሠራ። አሠራሩ የተጻፈው ኒውክለስ ውስጥ ባለው ዲኤንኤ ነው። የጽሑፉ ቅጂ ይወጣል፣ ራይቦዞም ቅጂውን እያነበበ ፕሮቲኑን ይቀጥላል። ፕሮቲኑ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም በሚባለው የሽፋን መረብ ላይ ተሰክቶ ይታጠፋል። ከዚያ ጎልጂ ጋ ይሄዳል፤ እዚያ ማጠናቀቂያው ይሠራለትና አድራሻው ይለያል። በመጨረሻ በትንሽ የቅባት ከረጢት ተጭኖ ወደ ሴሉ የላይ ገጽ ይጓዛል። ከረጢቷ ስትደርስ አትራገፍም። ከትልቁ ሽፋን ጋር ትዋሐዳለች። የሷ ግድግዳ የሴሉ ግድግዳ ይሆናል፣ በሩም ቦታውን ያዘ። ሁለት የዘይት ጠብታዎች ሾርባ ላይ ሲገናኙ አንድ እንደሚሆኑት ነው። በሩ ሲያረጅ ላይሶሶም በሚባለው የሴሉ ማፍረሻ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ይፈርሳል። የአንጀት ሴሎች ራሳቸውም ብዙ አይቆዩም፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሙሉ በሙሉ በአዲስ ይተካሉ።

ተቅማጥ ሲመጣ ምን ይሆናል? ግልጹ ምሳሌ ኮሌራ ነው። የኮሌራ ባክቴሪያ አንጀትን አይቦረቡርም። መርዙ ሴሉ ውስጥ ገብቶ ሌላ በር፣ የክሎራይድ በር፣ ከፍቶ ያስቀረዋል። ክሎራይድ ወደ አንጀት ይፈሳል፣ ሶዲየም ይከተለዋል፣ ውሃም እንደ ልማዱ ጨዉን ይከተላል። ሰው በሰዓታት ውስጥ የሚደርቀው በዚህ ነው። የጨውና የስኳሩ በር ግን አልተነካም። በአንድ በኩል ውሃው ይፈሳል፣ በሌላ በኩል ማስገቢያው ሥራ ላይ ነው። ኦአርኤስ የሚጠቀመው በዚህ ያልተነካ በር ነው። ተቅማጡን ወዲያው አያቆመውም፤ የወጣውን ይተካል። እናቶች "አጠጣሁት፣ አሁንም ያስቀምጠዋል" ብለው ሲያቆሙ የምፈራውም ለዚህ ነው።

ሶዲየምና ግሉኮስ አብረው እንደሚገቡ ሮበርት ክሬን እ.ኤ.አ. በ1960 ፕራግ ላይ በተደረገ ስብሰባ አቀረበ። ከ11 ዓመት በኋላ የባንግላዴሽ ጦርነት ብዙ ሰው ወደ ሕንድ አሰደደ። ቦንጋኦን አካባቢ ባለ የስደተኞች ካምፕ ኮሌራ ገባ። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅባቸው ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨው፣ ግሉኮስና ሶዳ በውሃ በጥብጠው በአፍ እንዲሰጥ አደረጉ። የሚያጠጡት ቤተሰቦች ራሳቸው ነበሩ። ከታመሙት 30 በመቶ ያህል ይሞቱ የነበረበት ቦታ ከ4 በመቶ በታች ወረደ። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ፓኬቱን በሌላ ዓይን አየዋለሁ።

ስለዚህ አበጣጠሩ ላይ እባካችሁ ጠንቃቃ ሁኑ። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ለ1 ሊትር 13.5 ግራም ግሉኮስና 2.6 ግራም የገበታ ጨው ነው፤ ፖታሲየምና ሲትሬትም አለበት። የባለ 1 ሊትሩን ፓኬት በአንድ የሻይ ብርጭቆ የሚበጠብጥ ሰው አጋጥሞኛል፣ "ወፈር ሲል ይጠነክራል" ብሎ። ቲማቲሙን አስታውሱ። ስኳርና ጨው አንጀት ውስጥ ከበዛ ውሃው ከልጁ ሰውነት ወደ አንጀት ይሳባል፣ ተቅማጡ ይብሳል። ለስላሳ መጠጥም በስኳሩ ብዛት ያንኑ ያደርጋል። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በሊትር ሃይላንድ ለክታችሁ ፓኬቱን ሙሉውን ጨምሩ። ፓኬቶች መጠናቸው ሊለያይ ስለሚችል ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋ። ፓኬት ከጠፋ ለ1 ሊትር ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው አፉ የተላገ። ጨውን በግምት አትጨምሩ። ልጁ ቢያስመልሰው አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። ጡት አይቋረጥ። ዚንክ ካዘዙላችሁ ተቅማጡ ቢቆምም ቀኑን ጨርሱ። ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ ከደከመና ከፈዘዘ፣ ወይም ሰገራው ደም ካለው ቤት አትቆዩ።

ንጹሕ ውሃ ብቻስ? ጥሙን ያስታግሳል። ግን የወጣውን ጨው አይመልስም። ብዙ ከተሰጠ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀንሳል፣ ውሃውም ወደ ሴሎች ይገባል፣ ሴሎች ያብጣሉ። ይህ በአንጎል ሴሎች ላይ ከደረሰ ልጁን ያንቀጠቅጠዋል።

ያቺ እናት በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። ጤና ጣቢያ አይተውት፣ ኦአርኤሱን ቀጥይ ብለዋት፣ ሌላ ፓኬት ልትገዛ ነው የመጣችው። ልጁ ጀርባዋ ላይ ሆኖ የፋርማሲውን ሚዛን ካልነካሁ ብሎ ይጮሃል። እጁን ስትይዝበት ባሰበት። ጉንጩ በእንባ ረጥቧል። እኔም እሷም እንባውን አየን።