በበርበሬ ክሮሞሶም ላይ «ተደጋጋሚ ዲኤንኤ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ቡሬ ገበያ ከተነጠፈው በርበሬ አንድ ዛላ ሰብረው ፍሬውን ቢዘሩት፣ በቡቃያው ሴል ውስጥ 12 ጥንድ ክሮሞሶም፣ ማለትም ዲኤንኤ የተጠቀለለበት ክር መሰል አካል፣ ያገኛሉ። የቲማቲምም 12 ጥንድ ነው። የበርበሬ ዲኤንኤ ግን ከ3 ቢሊዮን በላይ «ፊደል» (ዲኤንኤ የተሰደረበት ኬሚካላዊ አሃድ) ሲኖረው የቲማቲም 1 ቢሊዮን አካባቢ ነው። ልዩነቱ የመጣው በጂን ብዛት ሳይሆን በድግግሞሽ ነው።

«ተደጋጋሚ» ሲባል ብዙዎች ትርፍ ወይም ስህተት ይመስላቸዋል። አይደለም። ዘፈን ውስጥ አዝማች እየተመለሰ እንደሚመጣ ሁሉ፣ አንድ ዓይነት የፊደል ቅደም ተከተል ደጋግሞ ይገኛል ማለት ነው። አንዳንዱ እንደ ጨሌ ጎን ለጎን ይደረደራል፤ ሴሉ ፕሮቲን የሚሠራበትን ራይቦሶም የሚያስገኙት ጂኖች እንዲህ ናቸው፤ ያለ እነሱ ተክሉ አይኖርም። ሌላው ራሱን እየገለበጠ በየክሮሞሶሙ የተበተነ ነው፤ በርበሬን ያሳበጠው በዋናነት ይኸኛው ነው።

ተመራማሪዎች የተደጋጋሚ ዲኤንኤን «ካርታ ማንሳት» የሚሉትም ያደናግራል። ፊደሉን አንድ በአንድ ማንበብ አይደለም፤ ቦታውን ማየት ነው። ከቡቃያው ሥር ጫፍ፣ ሴሎች ከሚከፋፈሉበት፣ ጥቂት ተወስዶ በመስታወት ላይ ይዘረጋል። የክሮሞሶሙ ዲኤንኤ በሙቀት ሁለት ክር ሆኖ ሲላቀቅ፣ የሚያበራ ቀለም የተያያዘበት አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ይጨመርበታል። ቁራጩ አምሳያውን ፈልጎ ይጣበቃል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በጨለማው ላይ ቀይ ወይም አረንጓዴ ነጥብ ያበራል። የነጥቦቹን ቁጥርና ቦታ እያነጻጸሩ ተመራማሪዎች አንዱን ክሮሞሶም ከሌላው፣ አንዱን የበርበሬ ዝርያ ከዘመዱ ይለያሉ።