ልጅ የወላጁን የአካል ብቃት ይወርሳል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ልጆች የአካል ብቃት ሲነሳ «በደሙ ነው» የሚለው አባባል ክርክሩን ሁሉ የሚዘጋ መልስ ተደርጎ ይወሰዳል። የወላጅና የልጅ ብቃት እንደሚቀራረብ እርግጥ ነው። ይሁን እንጂ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ዘረመል ብቻ ሳይሆን የቤቱ ኑሮና ልማድም ጭምር ስለሆነ፣ አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ሁለቱን ከመቀላቀል ነው።

«ወላጁ ስፖርተኛ ከሆነ ልጁም ብርቱ ሆኖ ይወለዳል።»

ወላጅ በልምምድ ያዳበረው የልብና የጡንቻ ጥንካሬ ከእርሱው ጋር ይቀራል። ልጁ የሚወርሰው እንደ ቁመትና የጡንቻ ክሮች ስብጥር ያሉ መነሻዎችን ነው፤ እነርሱም ከሁለቱም ወላጆች ተደባልቀው ስለሚመጡ ወንድማማቾች እንኳ አንድ ዓይነት አይሆኑም።

«ግማሹ በዘር ከተወሰነ መልፋቱ ምን ይጠቅማል?»

ይህ አስተሳሰብ ከቁጥር አለመረዳት የሚመነጭ ነው። «ሄሪቴጅ» በተባለው የቤተሰብ ጥናት፣ ከዚያ በፊት ስፖርት የማያዘወትሩ 481 የ98 ቤተሰብ አባላት ለ20 ሳምንታት ሠልጥነው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ውጤት መሠረት፣ ሰውነት በከፍተኛ ጥረት ጊዜ ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙን በሥልጠና በማሳደግ ረገድ በሰዎች መካከል ከታየው ልዩነት እስከ 47 በመቶ የሚሆነው ከቤተሰብ ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ማለት ግን የአንድ ልጅ ብቃት 47 በመቶው ከወላጆቹ ተሰጥቶታል ማለት አይደለም፤ ቁጥሩ የሚናገረው በሰዎች መካከል ስላለው ልዩነት ነው፤ በውስጡም ከዘረመል ሌላ በአንድ ቤት አብሮ መኖር ያመጣው ተመሳሳይነት ሊኖር ይችላል። ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፈው ደግሞ፣ የሠልጣኞቹ አቅም በአማካይ በደቂቃ 400 ሚሊ ሊትር ያህል መጨመሩ ነው።

«ልጁ ስፖርት ከሠራ በቂ ነው፤ የወላጁ መቀመጥ ምንም አይለውጥም።»

እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው የፍሬሚንግሃም የልጆች ጥናት ከ4 እስከ 7 ዓመት የሆናቸውን 100 ልጆችና ወላጆቻቸውን እንቅስቃሴ በሚመዘግብ መሣሪያ ተከታትሏል። ወላጆቻቸው ብዙ ከማይንቀሳቀሱ ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ፣ ንቁ (ብዙ የምትንቀሳቀስ) እናት ያሏቸው ልጆች ንቁ የመሆን ዕድላቸው 2 እጥፍ፣ ንቁ አባት ያሏቸው 3.5 እጥፍ፣ ሁለቱም ወላጆቻቸው ንቁ የሆኑት ደግሞ 5.8 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ አነስተኛ ከመሆኑም በላይ ተያያዥነትን እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም፤ ከተሯሯጭ ሕፃን ኋላ ሲሮጥ የሚውል ወላጅም ሳይወድ በግዱ ንቁ ይሆናል።

«እኔ ራሴ ደካማ ስለሆንኩ ልጄን ልረዳው አልችልም።»

አብሮ መጫወት፣ ወደ መጫወቻ ስፍራ መውሰድና ማበረታታት የስፖርተኛ ጉልበት አይጠይቁም። መለኪያውም የተለየ ነው፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ መካከለኛ ወይም ጠንካራ እንቅስቃሴን ሲመክር፣ ለአዋቂ ግን በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴን ይመክራል።

«የዘረመል ምርመራ የልጁን ስፖርት ይነግረናል።»

አይነግርም። ለዚህ በብዛት የሚጠቀሰው፣ በፍጥነት ከሚኮማተሩ ጡንቻዎች ጋር የተያያዘው «ኤሲቲኤን3» የተባለው ዘረመል እንኳ የሚያብራራው ከብቃት ልዩነት ጥቂቱን ብቻ ነው፤ የዘርፉ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት የጋራ መግለጫ፣ እንዲህ ያለው ምርመራ ተሰጥኦን ለመለየትም ሆነ ሥልጠናን ለመወሰን ቦታ እንደሌለው አስታውቀዋል።