በፋንክሽኖች መካከል እሴት መለዋወጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ ድረ ገጽ መሥራት የሚማሩ ወጣቶች ኮዳቸውን ሲያሳዩኝ፣ ከስሌቱ ይበልጥ የሚያስቸግራቸው አንዱ ፋንክሽን (በስሙ ሲጠራ አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ያገኘውን እሴት ለሌላው ማድረስ እንደሆነ ደጋግሜ አይቻለሁ። ችግሩ የሚመነጨው ድረ ገጾች ስለሚሠሩበት የኮድ ቋንቋ፣ ስለ ጃቫስክሪፕት፣ አስቀድመው ከያዟቸው ጥቂት እምነቶች በመሆኑ፣ እነዚያን እምነቶች በአንድ ምሳሌ ላይ እየፈተንኩ ማረም እፈልጋለሁ። ምሳሌው ከከተማዋ ወደብ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደቅ ደሴት ለሚሄዱ ተጓዦች የጀልባ ክፍያ የሚያሰላ ገጽ ነው፤ «ዋጋአስላ» የተባለው ፋንክሽን ሒሳቡን ይሠራል፣ «ዋጋአሳይ» ደግሞ ውጤቱን በገጹ ላይ ያወጣል። ጃቫስክሪፕት ስሞችን በግዕዝ ፊደል መጻፍ ስለሚፈቅድ፣ እነዚህ ስሞች እንዳሉ ኮድ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ።

«በአንድ ፋንክሽን ውስጥ የፈጠርኩት ቫሪያብል በሌላውም ይታያል።»

አይታይም። በ«ዋጋአስላ» ውስጥ በሌት ወይም በኮንስት (ቫሪያብል በሚፈጥሩት የቋንቋው ቃላት) የተፈጠረ «ጠቅላላ» የሚባል ቫሪያብል፣ ማለትም እሴት የሚይዝ ስም፣ ከዚያ ፋንክሽን ውጭ አይታወቅም፤ «ዋጋአሳይ» በዚህ ስም ሊጠቀም ሲሞክር ብራውዘሩ እንዲህ የሚባል ነገር እንደሌለ የሚገልጽ ስሕተት በኮንሶሉ (ለኮድ ጸሐፊው መልእክት በሚወጣበት የብራውዘሩ ክፍል) ላይ ይጽፋል። መውጫው ሪተርን፣ ማለትም እሴትን ፋንክሽኑን ለጠራው ወገን የሚመልሰው ትእዛዝ ነው። ይሁን እንጂ ሪተርን የሚያወጣው እሴቱን እንጂ ስሙን አይደለም፤ ስለዚህ የጠራው ወገን እሴቱን በራሱ ቫሪያብል ካልተቀበለው ወይም እዚያው ካልተጠቀመበት ውጤቱ ባክኖ ይቀራል። «ዋጋአስላ(4)» ብሎ ጠርቶ ማለፍ አይበቃም፤ «ክፍያ» በሚል ቫሪያብል መቀበል፣ ቀጥሎም «ዋጋአሳይ(ክፍያ)» ብሎ ማስረከብ ያስፈልጋል። በውስጥ «ጠቅላላ»፣ በውጭ «ክፍያ» መባሉ ምንም አይጎዳም። ሁለት ወይም ሦስት እሴቶች መውጣት ካለባቸው በአንድ ኦብጀክት (በስም የተለዩ እሴቶች ስብስብ) ወይም አሬይ (በተራ የተቀመጡ እሴቶች ዝርዝር) አድርጎ መመለስ ይቻላል።

«እንግዲያውስ ሁሉንም ግሎባል ማድረግ ይቀላል።»

ግሎባል ማለት ለሁሉም ፋንክሽኖች የሚታይ ቫሪያብል ነው። ከሁሉም አብልጦ የሚጎዳው ይህኛው እምነት ነው፤ ምክንያቱም በመጀመሪያው ቀን የሚሠራ ይመስላል። ተጓዡ ዘጌን ለአራት ሰው መረጠ እንበል፤ ለምሳሌ ያህል በነፍስ ወከፍ 500 ብር ብናስብ፣ ግሎባል በሆነው «ጠቅላላ» ውስጥ 2000 ይቀመጣል። ቀጥሎ ሐሳቡን ለውጦ ደቅን ሲመርጥ፣ የማሳያው ፋንክሽን ከማስሊያው ቀድሞ ከተጠራ፣ ገጹ የደቅን ስም ከዘጌ ዋጋ ጋር አጣምሮ ያሳያል። ኮንሶሉ ላይ አንድም ስሕተት አይታይም፤ ገንዘብ ተቀባዩና ተጓዡ ወደቡ ላይ እስኪከራከሩ ድረስ ነገሩን የሚያውቅ የለም። እሴቱ በፓራሜትር፣ ማለትም ፋንክሽኑ ሲጠራ በቅንፍ ውስጥ ተሰጥቶት፣ ቢተላለፍ ኖሮ ግን «ዋጋአሳይ» ያልተሰላ ዋጋ የሚያገኝበት መንገድ አይኖረውም ነበር፤ የሥራውን ቅደም ተከተል የሚያስጠብቀው ራሱ የኮዱ አጻጻፍ ነው።

ሌት፣ ኮንስት ወይም ቫር ሳይጻፍ በፋንክሽን ውስጥ «ጠቅላላ = 2000» ማለት ደግሞ ሳይታወቅ ግሎባል ይፈጥራል። እ.ኤ.አ. በ2009 የመጣው ጥብቅ ሥርዓት፣ ማለትም ስትሪክት ሞድ፣ ይህን እንደ ስሕተት ይቆጥረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በቋንቋው የተካተቱት ሞጁሎች (የየራሳቸው ስሞች ያሏቸው የኮድ ፋይሎች) ደግሞ ጥብቁን ሥርዓት ሳይጠየቁ ይከተላሉ። በበኩሌ ማንኛውም አዲስ ሥራ በሞጁል ቢጀመር እመርጣለሁ። ግሎባል ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ ግን አይደለም፤ ገጹ ተከፍቶ እስኪዘጋ የማይለወጥ የታሪፍ ሠንጠረዥ በፋይሉ አናት ላይ ቢቀመጥ አይከፋም።

«ለፋንክሽን የሰጠሁት ነገር ቅጂው ስለሆነ ዋናው አይነካም።»

ይህ ለቁጥርና ለጽሑፍ ይሠራል፤ ለኦብጀክትና ለአሬይ ግን አይሠራም፤ ፋንክሽኑ የሚይዘው እዚያው ያለውን ኦብጀክት ነው። «ጉዞ» በሚባል ኦብጀክት ውስጥ የተሳፋሪው ቁጥር 6 ነው እንበል። ሁለት ሕፃናት በነፃ ስለሚሄዱ፣ የቅናሹ ፋንክሽን «ጉዞ.ተሳፋሪ»ን ወደ 4 ዝቅ አድርጎ ያሰላል። ክፍያው ትክክል ይወጣል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ የመንሳፈፊያ ጃኬት ዝርዝር የሚያዘጋጀው ፋንክሽን ያንኑ ኦብጀክት ሲያነብ፣ ለስድስት ሰው አራት ጃኬት ያዝዛል። ማዕበሉ ከሰዓት በኋላ በሚበረታበት ጣና ላይ ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም። ኮንስትም ከዚህ አያድንም፤ ኮንስት ስሙ ሌላ እሴት እንዳይዝ ይከለክላል እንጂ የኦብጀክቱን ይዘት አይቆልፍም። የቅናሹ ፋንክሽን ኦብጀክቱን ሳይነካ የሚከፍሉትን ሰዎች ቁጥር ለብቻው አስልቶ ቢመልስ ችግሩ አይፈጠርም።

«ከሰርቨር ያመጣሁትን ዋጋ እዚያው ሪተርን ማድረግ እችላለሁ።»

ከሰርቨር መረጃ የሚያመጣው ፌች መልሱ እስኪመጣ ቆሞ አይጠብቅም፤ የሚመልሰው ወደፊት እሴት እንደሚመጣ የሚገልጽ ፕሮሚስ ነው። ስለዚህ ጠሪው በአዌይት መጠበቅ አለበት፤ አዌይት የሚጻፍበት ፋንክሽንም አሲንክ ተብሎ መታወጅ ይኖርበታል። በሴትታይምአውት (ሥራን ለተወሰነ ጊዜ በሚያዘገየው ፋንክሽን) ሁለት ሰከንድ መጠበቅ መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ፤ ኔትወርኩ በደከመ ሰዓት ሁለቱ ሰከንድ አይበቃም፣ በፈጠነ ሰዓት ደግሞ ተጓዡን ያለ ምክንያት ያስጠብቃል።

«ግሎባል ቫሪያብል ወደሚቀጥለው ገጽም ይሻገራል።»

አዲስ ገጽ ሲከፈት ወይም ያለው ሲታደስ ቫሪያብሎቹ ሁሉ ይጠፋሉ። ለዚህ በብራውዘሩ ውስጥ እሴት የሚያቆይ ሎካል ስቶሬጅ አለ፤ ሆኖም የሚያስቀምጠው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ፣ አስቀምጠን ያነበብነው 4 ላይ 1 ስንደምር የምናገኘው 41 ነው፤ አስቀድሞ ወደ ቁጥር መለወጥ ያስፈልጋል። በተጨማሪም ተጠቃሚው በብራውዘሩ ውስጥ ይህን እሴት እንዳሻው ሊቀይረው ስለሚችል፣ ከገጽ ወደ ገጽ ማሻገር ያለብን የመድረሻውን ስምና የሰዉን ብዛት ነው፤ የሚከፈለው ብር ሰርቨሩ ላይ እንደገና ይሰላ።