የስፒከር ሴንሲቲቪቲ ምንድን ነው? በድሮ ሆርኖች ላይ የሚነበበው ትልቅ ቁጥር የሚነግረንና የማይነግረን

«ይህ የድሮ ሆርን 105 ዲሲቤል ነው፤ ያኛው ስፒከር 87 ብቻ ነው። እንግዲህ ጥቃቅኑን ድምፅ የሚያሰማው የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው።» የድሮ ሆርን ስፒከር (ድምፁ ቀስ በቀስ በሚሰፋ ቧንቧ የሚወጣበት) ከሌላ ዓይነት ስፒከር ጋር በተነጻጸረ ቁጥር ይህ ክርክር ይመጣል። ግልጽ አይደለም፤ ትክክልም አይደለም። ሁለቱ ቁጥሮች የሴንሲቲቪቲ ልኬት ናቸው። ሴንሲቲቪቲ ደግሞ ስለ ድምፅ ጥራት አንዳች ነገር አይናገርም።

ልኬቱ ቀላል ነው። ስፒከሩ 2.83 ቮልት ይሰጠዋል፣ ማይክሮፎን ከፊቱ 1 ሜትር ላይ ይቆማል፣ የተነበበው የድምፅ ግፊት በዲሲቤል ይመዘገባል። 2.83 ቮልት የተመረጠው በ8 ኦም ላይ 1 ዋት ስለሚሆን ነው። (ትልቅ ሆርን 1 ሜትር ላይ በቀጥታ አይለካም፤ አፉ ራሱ ከሜትር ሊበልጥ ስለሚችል ራቅ ተብሎ ይለካና ወደ 1 ሜትር ተሰልቶ ይመለሳል። ስሌቱ በትክክል ካልተሠራ ቁጥሩ ከመጀመሪያው የተሳሳተ ነው።)

ስለዚህ 105 እና 87 የሚሉት ይህን ብቻ ነው፦ እኩል ቮልት ሲገባ አንደኛው ፊት ለፊት በ18 ዲሲቤል ይበልጣል። በኃይል ሲታይ 63 እጥፍ ያህል ነው። 87ቱ 63 ዋት ሲሰጠው ያኛው በ1 ዋት የሚያወጣውን ግፊት ያወጣል። ልዩነቱን የሚሞላው የአምፕሊፋየሩ ቮልዩም ነው።

«ግን ዝቅተኛ ሴንሲቲቪቲ ያለው ስፒከር ደካማውን ሲግናል ይውጠዋል» ይላል ተከራካሪው። አይውጠውም። ጤነኛ ዳያፍራም (እየተንቀጠቀጠ አየሩን የሚገፋው ስስ ክፍል) በዝቅተኛ ደረጃ ሲሠራ እንቅስቃሴው ከሲግናሉ ጋር በቀጥታ ይመጣጠናል፤ ሲግናሉ በ60 ዲሲቤል ቢቀንስ የሚወጣው ድምፅም በ60 ዲሲቤል ይቀንሳል። «ከዚህ በታች አልንቀሳቀስም» የሚልበት ደፍ የለውም። ማስረጃ ከተፈለገ በ1957 የወጣው የኳድ ኤሌክትሮስታቲክ ስፒከር አለ፦ ሴንሲቲቪቲው ዝቅተኛ፣ ከፍ ያለ ኃይልም የማይችል፤ ሆኖም በመካከለኛው ድምፅ ጥራቱና ዝርዝርን በማሰማቱ እስከ ዛሬ ድረስ መመዘኛ ተደርጎ ይጠቀሳል። ቁጥሩ የዝርዝር መለኪያ ቢሆን ኖሮ ይህ ስፒከር ከመጨረሻዎቹ ተርታ በወደቀ ነበር።

ታዲያ ሆርኑ ሲከፈት «ዝርዝሩ ወጣ» የሚያሰኘው ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ንጽጽሩ የሚካሄደው ቮልዩሙ ሳይነካ ገመዱ ብቻ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተቀየረ ነው። የ18 ዲሲቤል ጭማሪ ያገኘ ማንኛውም ስፒከር ዝርዝሩ ይጎላል፤ ጆሮ የሁለት ዲሲቤል ብልጫን እንኳ እንደ ጥራት ይቆጥረዋል። ትክክለኛው ንጽጽር ከ500 እስከ 2000 ሄርዝ የተገደበ ፒንክ ኖይዝ (ለመለኪያ የሚያገለግል ወጥ ሹሹታ) በማጫወት፣ የድምፅ መለኪያውን አድማጩ በሚቀመጥበት ቦታ በማድረግና ሁለቱን በግማሽ ዲሲቤል ውስጥ በማመጣጠን ይጀምራል። ሙሉው ኖይዝ ለዚህ አይሆንም፤ የሁለቱ ቤዝ የተለያየ ስለሆነ ንባቡን ያዛባዋል። ይህ ሳይደረግ የተሰጠ ፍርድ የቮልዩም ፍርድ ነው።

ቁጥሩ ከንቱ ነው ማለት ግን አይደለም። አማካዩ 75 ዲሲቤል ሆኖ ከፍታው 95 የሚደርስ ሙዚቃ እንውሰድ። በተለመደ ክፍል ውስጥ ከ1 ሜትር እስከ መቀመጫው 6 ዲሲቤል ያህል ይጠፋል ብንል፣ ስፒከሩ 1 ሜትር ላይ 101 ማውጣት አለበት። ለ87ቱ 25 ዋት፣ ለ105ቱ 0.4 ዋት ይበቃል። 25 ዋት ማንኛውም ደህና አምፕሊፋየር ይሰጣል፤ ሆርኑ ግን ኮይሉ (ዳያፍራሙን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል) ሳይሞቅ፣ ዳያፍራሙም ከሚሊሜትር በታች ብቻ እየተንቀሳቀሰ ይሠራዋል። ኮይል ሲሞቅ የሽቦው ኦም ስለሚጨምር የድምፁ ከፍታ ይጨፈለቃል። ኮን (የተለመደ ስፒከር ዳያፍራም) ብዙ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ቤዙ በመካከለኛው ድምፅ ላይ ጥላውን ያጠላል። ሆርን ጮክ ብሎ ሲጫወት የሚሰማው እርጋታ ከዚህ የመጣ ነው፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ለሚያዳምጥ ሰው ግን ይህ ጥቅም በእጅጉ ይጠባል።

አሁን ይበልጥ ወደሚያናድደው ስህተት፦ «ሆርን ድምፅን ይጨምራል።» ሆርን ባዶ ቧንቧ ነው፤ ከራሱ የሚጨምረው ኃይል የለም። ትልቁ ቁጥር የሚገኘው ከሁለት የተለያዩ ነገሮች ሲሆን፣ ሁለቱን ሳይለዩ ሆርንን ከሌላ ጋር ማነጻጸር አይቻልም።

አንደኛው አቅጣጫ ነው። የእጅ ባትሪ አምፖሉ ዙሪያ የሚያብረቀርቅ ጎድጓዳ መስታወት አለው። መስታወቱ ሲነሳ አምፖሉ ክፍሉን ሁሉ በደብዛዛው ያበራል፤ ሲመለስ ግድግዳው ላይ ዓይን የሚወጋ ክብ ይፈጠራል። ብርሃኑ አልጨመረም፤ ተሰበሰበ እንጂ። ክቡ ላይ ብቻ የሚለካ ሰው «ይህ አምፖል አሥር እጥፍ ይበራል» ቢል፣ ከጎን ተቀምጦ መጽሐፍ ማንበብ ያቃተው ሰው አይስማማም። የሴንሲቲቪቲ ማይክሮፎን የሚቆመው ክቡ ላይ ነው።

ሁለተኛው ጭነት ነው፤ እዚህ ላይ የባትሪው ምሳሌ ይቋረጣል፤ መስታወት የአምፖሉን የኤሌክትሪክ ፍጆታ አያሻሽልም። ሆርን ግን ያሻሽላል። አየር ቀላል ስለሆነ ኮን ሲገፋው ወደ ጎን ይሸሻል፤ ጉልበቱ ራሱን ኮኑን በማመላለስ ያልቃል። የሆርኑ ጠባብ ጉሮሮ አየሩን መሸሻ ያሳጣዋል፤ ዳያፍራሙ የሚገፋው ነገር ያገኛል። ቀስ በቀስ የሚሰፋው ቧንቧ ያንን ከፍተኛ ግፊት ወደ ሰፊው የክፍል አየር ያሸጋግረዋል።

በቁጥር እንየው። 1 ዋት ንጹህ የድምፅ ኃይል በሁሉም አቅጣጫ እኩል ቢሰራጭ 1 ሜትር ላይ 109 ዲሲቤል ይሆናል። ወደ ፊት ብቻ የሚያሰራጭ የተለመደ ስፒከር በአቅጣጫው 3 ዲሲቤል ያተርፋል፣ 112 ይሆናል። እሱ 87 ካነበበ 25 ዲሲቤል ጠፍቷል፤ ከገባው ኤሌክትሪክ ድምፅ የሆነው 0.3 ከመቶ ብቻ ነው፣ ቀሪው ሙቀት ነው። 20 ከመቶ የሚለውጥና በአቅጣጫ 10 ዲሲቤል የሚያተርፍ ኮምፕሬሽን ድራይቨር (ከሆርኑ ጉሮሮ ጀርባ ሆኖ ድምፁን የሚያመነጨው ክፍል) ከነሆርኑ ደግሞ 112 ያነባል። በሁለቱ መካከል ካለው 25 ዲሲቤል ውስጥ 18ቱ እውነተኛ ብቃት ነው፤ 7ቱ ግን የተሰበሰበ ጨረር ነው። ክፍሉን የሚሞላው ነጸብራቅ የሚያገኘው 18ቱን እንጂ 25ቱን አይደለም።

ወደ ባትሪው ልመለስ፤ ሌላም ነገር ያሳያል። ሰማያዊውን ብርሃን በጠባቡ፣ ቀዩን በሰፊው የሚበትን ባትሪ አስቡ፦ መሃል ላይ ነጭ፣ ዳር ላይ ቀይ። ብዙ የድሮ ኤክስፖኔንሻል ሆርኖች እንዲህ ናቸው፤ ፍሪኩዌንሲው ከፍ ባለ ቁጥር ጨረራቸው ይጠባል። መሃሉ ላይ የተቀመጠ ይደሰታል፣ አጠገቡ ያለው የደነዘዘ ድምፅ ይሰማል፣ ከግድግዳ የሚመለሰውም ደንዛዛ ነው። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የመጡት ጨረራቸውን እኩል የሚያሰፉ ሆርኖች ይህን አስተካከሉ፤ በምትኩ ሌላውን ገለጡት። ኮምፕሬሽን ድራይቨር ከ3 ወይም 4 ኪሎሄርዝ በላይ ኃይሉ በተፈጥሮው በኦክታቭ (ፍሪኩዌንሲው በእጥፍ በጨመረ ቁጥር) 6 ዲሲቤል ያህል ይወርዳል፤ ጠባቡ ጨረር ይህን ይሸፍንለት ነበር። ስለዚህ «110 ዲሲቤል» የሚል ድራይቨር ሲታይ የሚቀድመው ጥያቄ በየትኛው ፍሪኩዌንሲ የሚለው ነው። 1000 ሄርዝ ላይ 110 የሆነው 15 ኪሎሄርዝ ላይ ከ10 ዲሲቤል በላይ ሊወርድ ይችላል።

ከዚያም የድራይቨር ቁጥርና የሙሉ ስፒከር ቁጥር ይደባለቃሉ። ሆርኑ 108፣ ዉፈሩ (ቤዙን የሚያወጣው ድራይቨር) 98 ቢሆን ስፒከሩ 98 ነው፤ ሆርኑ ወደ ዉፈሩ ዝቅ ይደረጋል እንጂ ዉፈሩ ወደ እሱ አይወጣም። ለ16 ኦም ሆርን 10 ዲሲቤል የሚቀንስ ኤል-ፓድ (ድምፁን የሚያወርድ የሁለት ሬዚስተር ጥምር) በተከታታይ 10.9 ኦም፣ በትይዩ 7.4 ኦም ሬዚስተር ይፈልጋል። ያ ሁሉ የተመሰገነ ብቃት በሬዚስተሮቹ ላይ ሙቀት ይሆናል። ስለ «110 ዲሲቤል ሲስተም» የሚነገረው ብዙው ወሬ እዚህ ያበቃል።

ቤዙ ላይ ፊዚክስ ይቅርታ የለውም። 50 ሄርዝ የሞገድ ርዝመቱ 6.9 ሜትር ነው። ነጻ የቆመ ሆርን እዚያ ድረስ በወጉ እንዲሠራ የአፉ ዙሪያ ያንኑ ያህል፣ ስፋቱም 3.8 ካሬ ሜትር ሊሆን ይገባል። በክፍል ጥግ ሲቆም ሁለቱ ግድግዳዎችና ወለሉ ቦታውን ወደ ስምንተኛ እጅ ስለሚያጠቡት 0.47 ካሬ ሜትር ይበቃል። ፖል ክሊፕሽ በ1940ዎቹ ክሊፕሽሆርን የተባለውን ስፒከር ለጥግ የሠራው ለዚህ ነው፤ በድሮዎቹ ሞዴሎች ግድግዳው የሆርኑ የመጨረሻ ክፍል ነው። ከኋላ ክፍተት ከተተወ፣ የግድግዳው ዝቅተኛ ጠርዝ ሳጥኑን ገፍቶ ካራቀው ወይም በአንዱ ጎን በር ካለ ሆርኑ አልተሟላም፤ የተጻፈለት 105 ዲሲቤልም እዚያ ክፍል ውስጥ የለም። የአልቴክ ኤ7 ስፒከር ደግሞ ቤዙ አጭር ሆርንና ባስ-ሪፍሌክስ (ታችኛውን ቤዝ በቀዳዳ የሚያወጣ አሠራር) በአንድ ሳጥን የያዘ ነው፤ አጭሩ ሆርን የላይኛውን ቤዝ ብቻ ይጭናል፣ ታችኛውን ቀዳዳው ይሠራል። «ሙሉ ሆርን ነው» እየተባለ ቤዙ የሚያንሰው በዚህ ምክንያት ነው። አዳራሽ ውስጥ ለሚነገር ንግግርና ለፊልም ሙዚቃ በቂ ነበር፤ የተሠራውም ለዚያ ነው።

ሳጥን ስፒከሮችም በዚሁ ሒሳብ ይገዛሉ። የሆፍማን የብረት ሕግ የሚባለው፣ ብቃት ከሳጥኑ መጠንና ከዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ኩብ ጋር ይመጣጠናል ይላል። ቤዙን ከ60 ወደ 30 ሄርዝ ማውረድ ወይ ስምንት እጥፍ ሳጥን፣ ወይ የ9 ዲሲቤል ሴንሲቲቪቲ ዋጋ ያስከፍላል። በ1954 የወጣው ኤአር-1 የተባለው ስፒከር ትንሽ ዝግ ሳጥንና ጥልቅ ቤዝ መርጦ ሴንሲቲቪቲን ሰጠ። ምርጫው የሚያዋጣው ጠንካራ አምፕሊፋየር ካለ ነው። የ1920ዎቹ ሲኒማ ቤቶች ግን ጥቂት ዋት ብቻ ስለነበራቸው ሌላ መንገድ አልነበራቸውም፤ የዌስተርን ኤሌክትሪክ 555 ድራይቨር በ1926 የመጣው ለዚያ ችግር ነው።

የድሮ መግለጫ የሚያነብ ሰው መለኪያውንም መመርመር አለበት። አንዳንዱ በ4 ጫማ ርቀት በ1 ዋት ነው፤ ወደ 1 ሜትር ለማምጣት 1.7 ዲሲቤል ይደመራል። አንዳንዱ በ30 ጫማ በ1 ሚሊዋት ነው፤ 49 ያህል ይደመራል፣ 51 የሚለው 100 ነው ማለት ነው። 16 ኦም ድራይቨር በ2.83 ቮልት ግማሽ ዋት ብቻ ስለሚወስድ በዋት ከተለካው በ3 ዲሲቤል ያነሰ ይመስላል። የዘመኑ 4 ኦም ስፒከር ደግሞ 2 ዋት ስለሚወስድ በ3 የበለጠ ይመስላል። እነዚህን ሳያስተካክሉ ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ሜትርን ከክንድ ጋር መደመር ነው።

ስለ አምፕሊፋየር ጫጫታ ማንም ሳይጠይቅ የሚነገር ነገር አለ። 0.5 ሚሊቮልት ቀሪ ጫጫታ ያለው አምፕሊፋየር በ87 ዲሲቤል ስፒከር 1 ሜትር ላይ 12 ዲሲቤል ያህል ያወጣል፤ ማንም አይሰማውም። በ105ቱ ላይ 30 ይሆናል፤ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ «ሽሽ» የሚለው ጫጫታ ከመቀመጫ ይሰማል። ለሆርን አምፕሊፋየር ሲመረጥ ከዋቱ በፊት ይህ ቁጥር ይታይ።

በመጨረሻ፣ የተጻፈው ቁጥር ፋብሪካ የወጣበት ዕለት ቁጥር ነው። አልኒኮ ማግኔት ሊዳከም፣ ዳያፍራም ሊደክም ወይም በማይመጥን ተተክቶ ከመሃል ሊወጣ ይችላል። ጥንድ ሲመረመር ሁለቱም በየተራ በአንድ ሆርን ላይ፣ ማይክሮፎኑ ሳይነቃነቅ፣ በእኩል ቮልት ይለኩ። ከ2 ዲሲቤል በላይ ልዩነት ካለ ወይም ዝቅ ባለ ድምፅ ፍሪኩዌንሲው ከታች ወደ ላይ እየተቀየረ ሲጫወት ፍትጊያ ከተሰማ መጀመሪያ ዳያፍራሙ ተከፍቶ ኮይሉ የሚንቀሳቀስበት ክፍተት ይጸዳ፣ ይስተካከልም። ለዚህ ሙከራ ለ16 ኦም ድራይቨር 20 ማይክሮፋራድ፣ ለ8 ኦም 40 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ መግባት አለበት፤ ከ500 ሄርዝ በታች ያለውን ይቀንሳል። ካፓሲተሩ ሳይኖር ቤዝ ከገባ ዳያፍራሙ ፌዝ ፕላጉ (ከዳያፍራሙ ፊት ያለው ጠንካራ ክፍል) ላይ ተመትቶ ሊሰነጠቅ ይችላል።