በአሜሪካ ሚድል ስኩል የእንግሊዝኛ ክፍል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአሜሪካ ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ትምህርት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ተምረን ላደግን ወላጆች ስሙ የተለመደ፣ ይዘቱ ግን እንግዳ ነው። በወላጆች መካከል ደጋግመው የሚሰሙት የተሳሳቱ አመለካከቶች በአብዛኛው የሚመነጩት ከዚሁ ልዩነት ነው።

«የእንግሊዝኛ ክፍል ማለት የሰዋስው ክፍል ነው»

የትምህርቱ ዋና ሥራ ጽሑፍን በጥልቀት ማንበብና ስለተነበበው ነገር በማስረጃ መጻፍ ነው። ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2010 የተቀበሉት ኮመን ኮር የተባለው የትምህርት መለኪያ ይህንን ደረጃ በደረጃ ያሳያል፦ የ6ኛ ክፍል ተማሪ ለሚሰጠው ትንታኔ ከጽሑፉ ማስረጃ እንዲጠቅስ፣ የ7ኛ ክፍል ተማሪ በርካታ ማስረጃዎችን እንዲያቀርብ፣ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ ካሉት ማስረጃዎች ሐሳቡን አጥብቆ የሚደግፈውን መርጦ እንዲያወጣ ይጠየቃል። በእኔ እምነት ከሦስቱ ከባዱ የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም ማስረጃ ማግኘት ብቻ ሳይሆን ማስረጃን ከማስረጃ ማመዛዘን ይጠይቃል። ቨርጂኒያ ኮመን ኮርን ስላልተቀበለች የራሷን መለኪያ ትከተላለች፤ ሆኖም ከጽሑፍ ማስረጃ መጥቀስ እዚያም ይጠየቃል።

«እንግዲያው ሰዋስው ጨርሶ ቀርቷል»

አልቀረም። በዚሁ መለኪያ መሠረት በ6ኛ ክፍል ተውላጠ ስም፣ በ7ኛ ክፍል የሐረጎች አገባብ፣ በ8ኛ ክፍል ደግሞ የአድራጊና የተደራጊ ግስ አጠቃቀም ይሰጣል። ልዩነቱ ሰዋስው ብዙውን ጊዜ ተማሪው የጻፈውን ረቂቅ ሲያርም መሰጠቱ ነው።

«ልጄን ከትልቅ ሰው ጋር መከራከር እያስተማሩት ነው»

ይህ ስጋት መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ ክርክራዊ ጽሑፍ ከሦስቱ ዋና ዋና የጽሑፍ ዓይነቶች አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ገላጭና ተራኪ ጽሑፎች ናቸው። ነገር ግን ተማሪው የሚማረው አቋሙን በምክንያትና በማስረጃ ማስደገፍን፣ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮም ተቃራኒውን ሐሳብ ሳይሸሽግ ማንሳትን ነው፤ ይህም የሌላውን ቃል አዳምጦ መመለስን ስለሚጠይቅ ከድፍረት ይልቅ ለጨዋ ሙግት የቀረበ ነው።

«ልብ ወለድ ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው»

ልብ ወለድ የሚነበበው ጭብጡ ከገጸ ባሕርያቱና ከመቼቱ ጋር እንዴት እንደተሳሰረ ለመመርመር ነው። ከዚያም ባሻገር ንግግሮች፣ ጽሑፈ ሕይወትና መጣጥፎች ይነበባሉ። በተቃራኒው ደግሞ «ኮመን ኮር በ8ኛ ክፍል ንባብ ውስጥ ኢ-ልብ ወለድን 55 በመቶ ስላደረገ ሥነ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ክፍል ተገፍቷል» የሚሉ አሉ። ያ ድርሻ የሳይንስንና የታሪክን ንባብ ጨምሮ ተማሪው በሁሉም ትምህርቶች የሚያነበውን የሚመለከት እንጂ የእንግሊዝኛውን ክፍል ብቻ የሚመለከት አይደለም።

«ልጄ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ ይናገራል፤ የቋንቋ ድጋፍ አያስፈልገውም»

የጨዋታ እንግሊዝኛና የትምህርት እንግሊዝኛ የተለያዩ ናቸው። ካናዳዊው ምሁር ጂም ከሚንስ እንዳመለከተው፣ የዕለት ተዕለት ንግግር በሁለት ዓመት ገደማ ሊለመድ ሲችል፣ ለትምህርት የሚበቃው ቋንቋ ግን ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይወስዳል። ድጋፉን እንደ ውርደት የሚቆጥሩ ወላጆች አሉ፤ ሆኖም በሳን ፍራንሲስኮ የቻይና ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች ባቀረቡት ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1974 ከወሰነ ወዲህ፣ እንግሊዝኛ ገና ያልቻሉ ልጆች ትምህርቱን እንዲከታተሉ መርዳት የትምህርት ቤቶች ግዴታ ሆኗል። ተማሪው ከድጋፉ የሚወጣውም አፉን ስለፈታ ሳይሆን፣ ማዳመጥን፣ መናገርን፣ ማንበብንና መጻፍን በሚለካ ፈተና በቂ ውጤት ሲያመጣ ነው።

«እንግሊዝኛ የማይችል ወላጅ በዚህ ትምህርት ሊያግዝ አይችልም»

በአንድ ቋንቋ የዳበረ የማንበብና የማሰብ ችሎታ ወደ ሌላው ይሻገራል። «ገጸ ባሕርዩ ይህን ያደረገው ለምንድን ነው? ይህንንስ ከመጽሐፉ የትኛው ቦታ ላይ አገኘኸው?» ብሎ በአማርኛ መጠየቅ፣ ክፍል ውስጥ የሚጠየቀውን ያንኑ ሥራ ቤት ውስጥ ማሠራት ነው። ከመምህሩ ጋር ለመነጋገርም ልጁን አስተርጓሚ ማድረግ አያስፈልግም፤ እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ በሚገባ ለማይችሉ ወላጆች ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ማቅረብ አለባቸው።