ፒቪሲን ከሌሎች ፖሊመሮች ጋር ማዋሃድ

ፒቪሲ (ፖሊቪኒል ክሎራይድ የተባለው ፕላስቲክ) ከክብደቱ 57 በመቶ ያህሉ ክሎሪን ነው። እሳት በቀላሉ የማይዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ማለዘቢያ ያልገባበት ጠንካራ ፒቪሲ ግን በብርድ ሲመታ ይሰነጠቃል፣ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይላላል፣ ከልክ በላይ ሲሞቅም ሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ እየለቀቀ ይጠቁራል። ሌላ ፖሊመር (እንደ ፕላስቲክና ጎማ ያለ ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት ያለው ቁስ) የሚጨመርበት በተለይ ስብራቱን ለመቀነስ ነው።

ሁሉም ፖሊመር አይስማማውም። ከፖሊኢትሊን ጋር ቢቀልጥ ሁለቱ አይያያዙም፤ የወጣው ዕቃ እንደ ሽንኩርት በልጣጭ በልጣጩ ይገነጠላል። አክሪሎኒትራይል የተባለው ክፍሉ 33 በመቶ ገደማ የሆነ ናይትራይል ጎማ (ዘይት የሚቋቋም ሰው ሠራሽ ጎማ) ግን በደንብ ይዋሃደዋል። እንደ ፈሳሽ ማለዘቢያ እየተነነ ወይም በዘይት እየታጠበ አይወጣም። በአንጻሩ 70 እጅ ጎማ ከ30 እጅ ፒቪሲ ጋር ሲቀላቀል ጎማው ኦዞንን ይቋቋማል፤ የነዳጅ ቱቦና የኬብል ሽፋን ይሠራበታል።

ለመስኮት ፍሬም የተለመደው ስብራት መቀነሻ 36 በመቶ ክሎሪን ያለው ክሎሪን የገባበት ፖሊኢትሊን፣ በአጭሩ ሲፒኢ ነው፤ ለ100 ኪሎ ሬዚን (ምንም ያልተጨመረበት የፒቪሲ ዱቄት) ከ8 እስከ 10 ኪሎ። ኤምቢኤስ (ቡታዳይን የተባለ የጎማ ክፍል ያለው ሌላ ስብራት መቀነሻ) ለብርሃን አስተላላፊ ጠርሙስ ጥሩ ነው፣ ግን ቡታዳይኑን ፀሐይ ስለሚያበላሸው መስኮት ላይ አይግባ።

በፈጣኑ ማደባለቂያ ሬዚኑና ማረጋጊያው (ፒቪሲው በሙቀት እንዳይበላሽ የሚጠብቀው) ይቀድማሉ፤ ሌላው ሙቀቱ ሲጨምር ይከተላል። 110–120 ዲግሪ ሲደርስ ወደ ማቀዝቀዣው ይወርድና ከ50 በታች ይቀዘቅዛል። ትኩሱን በጆንያ መሙላት ዱቄቱን ያጓጉላል።

ሲፒኢ የሚሠራው በፒቪሲ ቅንጣቶች ዙሪያ መረብ ሲዘረጋ ነው። ኤክስትሩደሩ (ድብልቁን አቅልጦ በቅርጽ የሚያወጣው ማሽን) ከልክ በላይ ካሞቀው ወይም ካሸው መረቡ ተበጣጥሶ እንክብል ይሆናል፤ ፍሬሙ አብረቅርቆ ይወጣና ጥግ ላይ ሲመታ ይሰበራል። አክሪሊክ ማጠንከሪያ አስቀድሞ የተሠራ ቅንጣት ስለሆነ ይህን ሙቀት የተሻለ ይችላል። ሙቀቱ ካነሰ ደግሞ የሬዚኑ ቅንጣት ሳይዋሃድ ይቀራል። ይህን ለማየት ቁራጩን 20 ደቂቃ አሴቶን ውስጥ መዘፍዘፍ ነው፤ ካልበሰለ ይላጣል፣ ይፈራርሳል። ብዙዎች ስብራት ሲያዩ ሲፒኢ ይጨምራሉ፤ ጥፋቱ ከሙቀቱ ከሆነ ግን ፍሬሙ ይለሰልሳል እንጂ አይጠነክርም።

ሙቀት መቋቋም ከተፈለገ መንገዱ ሌላ ነው፤ ክሎሪኑ ወደ 67 በመቶ ያደገው ሲፒቪሲ እስከ 93 ዲግሪ ለሚደርስ የሙቅ ውሃ ቱቦ ይውላል። እሱም ተሰባሪ ስለሆነ ሲፒኢ ወይም ኤምቢኤስ ይገባበታል፤ የተራ ፒቪሲ ቁርጥራጭ ከተቀላቀለበት ግን የሙቀት አቅሙ ይወርዳል።