«ፍጠን» ማለት ማንበብ አያስተምርም፦ ስለ አቀላጥፎ ማንበብ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አቀላጥፎ ማንበብ ማለት በፍጥነት ማንበብ ነው»

ፍጥነት አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ሌሎቹ ቃላትን በትክክል ማንበብ፣ እንዲሁም እንደ ንግግር ድምፅን ከፍ ዝቅ እያደረጉና ማረፍ በሚገባበት ቦታ እያረፉ ማንበብ ናቸው። መቅደም ያለበት ትክክለኛነቱ ነው። ሰዓት ተይዞበት «ፍጠን» የሚባል ልጅ ቃሉን በጨረፍታ አይቶ ይገምታል። «ሰበረ» የሚለውን «ሰባራ» ብሎ ያልፋል፤ ዓረፍተ ነገሩ ትርጉም ማጣቱ እንኳ አያቆመውም። እንዲህ የሚያነብ ልጅ ግዕዙን (የመጀመሪያውን የፊደል ቅርጽ) ከራብዑ (ከአራተኛው) ገና በደንብ አልለየ ይሆናል። ሰ፣ ሳ፣ በ፣ ባ፣ ረ፣ ራን አደበላልቆ ጽፎ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ማስጠራት፣ ከዚያ ወደ ቃሉ መመለስ ከመቶ «ፍጠን» ይሻላል።

«አንድን ጽሑፍ ደጋግሞ ማስነበብ ሽምደዳ ነው»

በአግባቡ ካልተሠራ ሊሆን ይችላል። በአግባቡ ሲሠራ ግን ለደካማ አንባቢ ከሚጠቅሙ ልምምዶች ግንባር ቀደሙ ነው። ከ50 እስከ 100 ቃላት ያሉት ጽሑፍ ይመረጥ። ልጁ በ100 ቃላት ውስጥ ከ5 በላይ የሚሳሳት ከሆነ ከብዶታልና ቀለል ያለ ይፈለግለት፤ ከባዱን መደጋገም ስህተቱን ያጸናዋል። መጀመሪያ ሳይለማመድ ለ1 ደቂቃ ያንብብ፤ ካነበባቸው ቃላት የተሳሳታቸው ይቀነሱ (62 አንብቦ 3 ከተሳሳተ ውጤቱ 59 ነው)። ቀጥሎ መምህሩ ያንብብለት፤ ከዚያ ልጁ ሦስት አራት ጊዜ ጮክ ብሎ ይድገመው። ቃል ላይ ሲቆም 3 ሰከንድ ያህል ይጠበቅ፤ ካልቻለ ቃሉ ይነገረውና ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ያንብብ። በመጨረሻ እንደገና ይለካ። ለሁሉም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። ከአራት ጊዜ በላይ መድገም ትርፉ ትንሽ ነው፤ ልጁም ይሰለቻል።

መሸምደዱን ማወቅ ቀላል ነው። ከጽሑፉ መሃል ቃላትን ቅደም ተከተላቸውን ሳይጠብቁ እየጠቆሙ መጠየቅ ነው። ቃሉን ለብቻው ማንበብ ካቃተው በቃሉ ሲወጣው ነበር ማለት ነው። ያኔ የዚያው ጽሑፍ አብዛኞቹ ቃላት የሚገኙበት ሌላ ጽሑፍ ይሰጠው።

«ብቻውን ብዙ ካነበበ በራሱ ይለምዳል»

ጎበዝ አንባቢን ይጠቅመው ይሆናል። ደካማው ግን ዓይኑን ገጹ ላይ ተክሎ ሲቀመጥ ምን እንዳነበበ የሚያውቅለት የለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የንባብ ፓነል በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት እርማት እየተሰጠ ጮክ ብሎ ማንበብ እንደሚጠቅም ሲያረጋግጥ፣ ያለ እገዛ ድምፅ ሳያሰሙ ማንበብ ቅልጥፍናን እንደሚጨምር ግን በቂ ማስረጃ አላገኘም።

«በጣት እየተከተሉ ማንበብ መጥፎ ልማድ ነው»

ለጀማሪ አይደለም፤ መስመር እንዳይስት ይረዳዋል። ቃላቱ ሲቀሉት ግን ጣቱን በየቃሉ ከመትከል ይልቅ ከሐረጉ ሥር እንዲያንሸራትት ይለማመድ።

«ተራ በተራ ተነሥቶ ማንበብ ሁሉንም ያሳትፋል»

40 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል፣ በ40 ደቂቃ ለአንዱ የሚደርሰው ቢበዛ 1 ደቂቃ ነው። ደካማው ደግሞ የሚደርሰውን አንቀጽ ቆጥሮ እሱን ብቻ ሲያጠና ይቆያል፤ ሲሳሳት የሚሳቅበት ፍርሃት ሳይጨመር ማለት ነው። ጥንድ ጥንድ ማድረግ ይሻላል፦ ጎበዙ አንድ አንቀጽ ያነባል፣ ሌላው ያንኑ ይደግማል። አጣማጅ ሲመረጥ 1ኛውን ከ40ኛው ጋር ማቀናጀት አይመከርም፤ ልዩነቱ ሰፍቶ አንዱ ይሰለቻል፣ ሌላው ያፍራል። ተማሪዎቹ በንባብ ችሎታቸው ተደርድረው ለሁለት ይከፈሉ፤ 1ኛው ከ21ኛው፣ 2ኛው ከ22ኛው እያለ ይቀጥል።